ስለ ካካፖ እና ስለ ቅዳሜው የወንዶ ገነት ጉዞ

ሰላም ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሐዋሳ አሞራ ገደል ስንገናኝ ስለ ካካፖ ለጠየቃችሁኝ ይኸው።

ካካፖ የኒውዚላንድ በቀቀን ነው። አይበርም፣ የሚንቀሳቀሰው በሌሊት ነው፣ ከበቀቀን ሁሉ ከባዱም እሱ ነው። አደጋ ሲመጣበት ባለበት ድርቅ ብሎ ይቆማል። ይሄ አደኑን በዓይኑ ከሚፈልግ አሞራ ያተርፈዋል፤ ሰው ያመጣቸው ድመትና አይጥ ግን ጠረኑን ተከትለው ስለሚደርሱበት ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። በፈረንጆቹ 1995 የቀሩት 51 ብቻ ነበሩ! ጠባቂዎቹ የተረፉትን እነዚህ አውሬዎች ወደሌሉባቸው ደሴቶች ወሰዷቸው፣ በየአንዳንዱ ወፍ ላይ የራዲዮ ማስተላለፊያ አሰሩ፣ ሌት ተቀን ተከታተሏቸው፣ በ2022 ቁጥራቸው 252 ደረሰ። እንቁላል የሚጥሉት ሪሙ የሚባለው ዛፍ በደንብ ሲያፈራ ነው፣ እሱም ከ2 እስከ 4 ዓመት አንዴ፤ ስለዚህ አንድም እንቁላል በዋዛ አይታይም። እኔ በጣም የምወደው ይሄን የጠባቂዎቹን ትዕግስት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ቢጫ ግንባሩ በቀቀን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አይገኝም፣ ወንዶ ገነት ደግሞ ቅርባችን ነው። ጎጆው የዛፍ ቀዳዳ ስለሆነ ያረጁ ትልልቅ ዛፎች ከተቆረጡ መራቢያ ያጣል። ቅዳሜ ስንሄድ ቀዳዳ ያላቸውን ዛፎች እንመዝግብ። ጫጩት ያለበት ጎጆ ካያችሁ ግን እባካችሁ ቦታውን የትም አትለጥፉ፣ ለእኔ ብቻ በውስጥ ላኩልኝ። ባይነኩላር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የሌላችሁም አትቅሩ፣ እንቀባበላለን።