ደብዳቤ ለልጄ፦ ዘይቱ ከየት እንደሚነሳ ሳታይ ብሎን አትፍታ

ለውድ ልጄ፣

ሐዋሳ ላይ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የአባትህም ጉልበት ትንሽ ተሽሎታል። የአዳማ ሙቀት ግን ከአሁኑ አላስቀምጥ ብሎናል።

የላክልኝን ፎቶ አየሁት። የቪትዝ መኪናህ ዘይት ግቢው ሲሚንቶ ላይ በሠራው እድፍ አከራይህ ቢቆጡ እውነታቸውን ነው። ዛሬውኑ ኦሞ ነስንሰህ በብሩሽ ፈግተህ እጠብላቸው፣ ማታ ማታም ከሥሩ ካርቶን አንጥፍ። ያ ጋራዥ ግን ሞተሩን ሳያጥብና ከሥር ገብቶ ሳያይ «ሞተሩ ወርዶ ሙሉ ጓርኒሲዮን (በየመጋጠሚያው ዘይት የሚያግደው ማሸጊያ) ይቀየር» ማለቱ አናዶኛል። ሞተር የሚወርደው ሌላው ሁሉ ታይቶ ሲያበቃ ነው።

እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር፣ የመለዋወጫ ሱቃችን ባንኮ ጀርባ ነው ያደግከው፤ ይህንን በዓይንህ አይተሃል። ሰው ይመጣል፣ «መኪናዬ ዘይት ያፈሳል፣ ጓርኒሲዮን ስጪኝ» ይላል። «የቱን?» ስለው መልስ የለውም። ይከፍላል፣ ያስገጥማል፣ ከዚያ «የሸጥሽልኝ ፎርጅድ ነው» ብሎ ይመለሳል። ዕቃው ደኅና ነበር፤ ሲያፈስ የኖረው ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ዘይቱ ከየት እንደሚነሳ በዓይንህ ሳታይ አንድም ብሎን አትፍታ፣ አንድም ዕቃ አትግዛ።

የዘይት ፍሳሽ እንደ ጣራ ፍሳሽ ነው፤ ሳሎን ላይ ጠብ ያለበት ቦታና ቆርቆሮው የተበሳበት ቦታ አይገጥሙም። ዘይቱ ከላይ ይነሳል፣ የሞተሩን ጎን ይዞ ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ነፋስ ወደ ኋላ ይበትነዋል፣ መጨረሻ ላይ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ጫፍ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። ከታች ብቻ የሚያይ መካኒክ «ኮፓው ነው» ይላል። አንተ ከላይ ጀምር፤ ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ ከፍ ብሎ ያለውን ፈልግ።

በመጀመሪያ ግን የሞተር ዘይት መሆኑን አረጋግጥ። ጠብታውን በነጭ ወረቀት ተቀበለው። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ የሞተር ነው። ቀይ ከሆነ ከአውቶማቲክ ካምቢዮው ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ የራዲያተር ነው። ኤሲ ከፍተህ ስትነዳ የሚንጠባጠበው ንጹህ ውሃ ከሆነ ደግሞ ምንም አይደለም፣ ተወው።

ከዚያ ሞተሩን እጠብ። በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ዲናሞውንና ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን ኮይሎች በፌስታል ሸፍን፤ በኦሞ ውሃ በተነከረ ጨርቅና በብሩሽ ቆሻሻውን አስለቅቅ። በቤንዚን እንዳታጥብ፣ አደራ። ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር በጠረጠርካቸው ቦታዎች ላይ በስሱ ነስንስ። እስከ ጥቁር ውሃ ድረስ ነድተህ ተመለስና ኮፈኑን ክፈት። ነጩ ፓውደር ላይ አንዲት ቡናማ መስመር ወርዳ ታያለህ፤ የመስመሯ ራስ ያለበት ቦታ ነው የምትፈልገው። መጀመሪያው ቀን ላይ ምንም ካልታየ አትቸኩል፣ ደግመህ ንዳው።

የእኔ ግምት የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ጓርኒሲዮን ነው። የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም የተቃጠለ ዘይት እንደሚሸትህ ነግረኸኛልና። እዚያ ጋ የሚወጣ ዘይት የጭስ ማውጫው ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ይጨሳል፣ ይሸታል፤ ከበዛ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ጓርኒሲዮኑ ጎማ ነው። ዓመታት ሙሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ይጠፈጠፋል፣ መለጠጥ ያቅተዋል። አሮጌውን ስታወጣው ጣትህ ላይ ጠቅልለው፤ ከጎማነት ወጥቶ እንደ ፕላስቲክ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ዘመኑን ጨርሷል።

ይህ ሥራ በእጅህ የሚሠራ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ኮይሎቹን በየቦታቸው ምልክት አድርገህ አውጣ፣ ከዚያ የክዳኑን ብሎኖች በ10 ቁጥር መፍቻ ፍታ። ክዳኑ ከተጣበቀ ካቻቢቴ አስገብተህ አታንሳው፤ አሉሚኒየሙ ከተጫረ አዲሱም ጓርኒሲዮን አይይዝልህም። በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ጎኑን ቀስ ብለህ ምታው፣ ይለቃል። የካንዴላዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ካገኘህ ዙሪያቸው ያሉት የጎማ ቀለበቶችም አልቀዋል፤ አብረህ ቀይር። ሁለቱንም ፊቶች በንጹህ ጨርቅ ጥረግ፤ የተከፈተው ሞተር ውስጥ አንድም ቁራጭ እንዳይገባ።

ስለ ሲሊኮን በደንብ ስማኝ። የጎማ ጓርኒሲዮን በደረቁ ነው የሚገባው። ሲሊኮን የሚያስፈልገው የሰንሰለቱ ክዳን ከቴስታታው ጋር በሚገናኝባቸው ሁለት ማዕዘኖች ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ጠብታ ያህል። ብዙ ሰው ዙሪያውን በሙሉ ይለቀልቀዋል። ክዳኑ ሲጠብቅ ወደ ውጭ የሚወጣው ሲሊኮን ይታያል፤ ያንኑ ያህል ወደ ውስጥም ይገባል። እሱ ተቆርጦ ኮፓው ውስጥ ይወርድና የዘይት ፓምፑ መሳቢያ ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ፓምፑ ዘይት ካጣ ሞተሩ ይነክሳል፣ ማለትም ብረት ከብረት ተጣብቆ ይቆማል። ትንሽ ፍሳሽ ለማቆም ተብሎ ሞተር የሚሞተው በዚህ ነው።

ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር እየሄድክ ደረጃ በደረጃ አጥብቅ። የእነዚህ ብሎኖች ጥብቀት ወደ 10 ኒውተን ሜትር ነው፤ በአጭር መፍቻ፣ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ የሚደርስ ነው። ጉልበት ከጨመርክ ጥርሱ ይበላል፣ ክዳኑም ይጣመማል። ሲሊኮኑ እስኪደርቅ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቅ እንጂ ሞተሩን ወዲያው አታስነሳ።

ሞተሩ የሚተነፍስባትን ትንሽ ፒሲቪ ቫልቭም አውጥተህ አራግፋት። ኳ ኳ ካላለች ተዘግታለች፤ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና አዲሱን ጓርኒሲዮንም ገፍቶ ያፈሳል። ርካሽ ዕቃ ናት፣ ቀይራት።

ፓውደሩ ሌላ ቦታ ካሳየህ የዘይት ፊልትሮውን እይ፤ የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ሲታሰር ብዙ ዘይት ያፈሳል። የኮፓው ዘይት ማስወረጃ ብሎን ሮንዴላም ዘይት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ይሁን። የዘይት ግፊት ሴንሰርም ከጊዜ ብዛት ያፈሳል፤ እሱን መቀየር ቀላል ነው። ፍሳሹ ግን ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት መሃል ከሆነ የኋላው «ኦይል ሲል» (ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ነው። ያ ካምቢዮ ሳይወርድ አይሆንም፤ ግቢ ውስጥ አትጀምረው፣ ቦታውን ለደህና መካኒክ አሳይ።

እስከዚያው ዘይቱን በየጠዋቱ ሜዳ ቦታ ላይ ለካ። መለኪያው ላይ ከሁለቱ ምልክቶች መሃል አይውጣ፤ ከመጠን በላይ መሙላትም ይጎዳል። የዘይት መብራቷ እየነዳህ ከበራች ዳር ያዝና ወዲያው አጥፋ። «ቤት ልድረስ» አትበል። የፍሳሽ ማቆሚያ የሚሉትን ኬሚካል ደግሞ አትጨምርበት፤ ለጊዜው ጎማ ያሳብጣል እንጂ የደረቀና የተሰነጠቀ አይጠግንም።

ከሥሩ መግባት ካለብህ በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር እንዳትገባ። በብረት መደገፊያ ደግፈው፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስይዝ፣ እጅ ፍሬኑን ሳብ። ብሎኬት አይታመንም፣ ይፈረካከሳል። ብቻህንም አትሥራ፣ ሰው አጠገብህ ይኑር።

የወጣውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፋ። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃው በወንዝ ይገባበታል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደህ የምትበላው ቆሮሶ ዓሣ ከዚያ ነው የሚወጣው። በጀሪካን አጠራቅመህ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጥ።

አሁን የሻንሲ ቁጥሩን ጻፍልኝ፤ የፓውደሩን መስመርም ፎቶ አንስተህ ላክ። ዓመተ ምርቱን ብቻ አትንገረኝ፤ ቪትዝ እንደ ሞተሩ ዓይነት ጓርኒሲዮኑ ይለያያል። ሳየው ትክክለኛውን መርጬ፣ ቀለበቶቹንና ፒሲቪዋን ጨምሬ፣ በጠዋቱ የሐዋሳ አውቶቡስ እልክልሃለሁ። በርበሬና ሽሮም አብሬ አሽጋለሁ።

እናትህ
አዳማ