ስለ እጅህ ሰማሁ

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜያችን! ትናንት እህትህ ከአዲስ አበባ ደውላልኝ ነበር። ሜሪላንድ፣ ጫካ ጠርዝ ላይ ቤት መግዛታችሁን ነገረችኝ። እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ልጅ የምትድሩበት ቤት ያድርግላችሁ። ከዚያ ጓሮውን ስትመነጥር ሁለቱም ክንድህ እንዳበጠ፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ እንደወጣብህ፣ ልጅህን ማቀፍ እንኳ እንደፈራህ ስትነግረኝ አላስቻለኝም። እዚህ ፋርማሲ ውስጥ ሰመር በመጣ ቁጥር እንዲህ ያለ ክንድ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

መጀመሪያ ልጅህን እቀፋት። ገላህን ከታጠብክና ልብስህን ከቀየርክ ምንም አታደርጋትም። ሽፍታው የቋጠረው ውኃ ቢፈስ እንኳ ወደ ሰው አይጋባም።

እህትህ «አልማዝ ባለጭራ ነው» ብላ ተጨንቃለች። አልማዝ ባለጭራ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚወጣው፤ ብዙ ጊዜም ገና ሳይወጣ ይጠዘጥዛል። ያንተ በሁለቱም ክንድ ነው፤ እንደ ጭረት መስመር ሠርቷል፤ ከሕመሙ ማሳከኩ ይብሳል። የወጣውም ጓሮ በመነጠርክ በማግስቱ ነው። እኔ የምጠረጥረው ፖይዝን አይቪ የሚባለውን ሐረግ ነው።

እኛ የምናውቀው ሳማን ነው። ሳማ ገና ሲነካህ ይለበልብሃል፤ ብዙም ሳይቆይ ይለቅሃል። ይሄኛው ስትነካው ምንም አይልም። ቅጠሉም፣ ግንዱም፣ ሥሩም ኡሩሺዮል የሚባል ዘይት አለው። ዘይቱ ቆዳ ውስጥ ይሰርግና ሰውነት ሲቆጣ ሽፍታው ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ። ቆዳው ወፍራም የሆነበት ቦታ ዘግይቶ ስለሚወጣ እየተዛመተ ይመስልሃል እንጂ አይዛመትም። የማንጎ ዘመድ ነው፤ አንዳንድ ሰው የማንጎ ልጣጭ ከንፈሩን የሚያሳብጠው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ቅጠሉን ሦስት ሦስት ሆኖ ታገኘዋለህ፤ የመሐሉ ዘንግ ከጎኖቹ ይረዝማል። ዛፍ ላይ ሲወጣ ሐረጉ ፀጉራም ነው። ቅጠሉ ረግፎ ባዶውን ሲቀርም አትንካው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ምንጣሮውን ልታቃጥለው ከምረኸዋል አሉ። በልጅህ ይዤሃለሁ፣ እንዳታቃጥለው! ጭሱ ዘይቱን ተሸክሞ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። ረጅም እጅጌ ለብሰህ፣ ጓንት አድርገህ፣ ላስቲክ ውስጥ አሽገህ ጣለው። መጋዙን፣ ጫማህን፣ የጫማህን ማሰሪያ ሳይቀር በሳሙና እጠብ። ዘይቱ ዕቃ ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ውሻ ካላችሁ እሱንም በጓንት እጠበው። ወደፊት ከነካህ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጠብ፤ ደቂቃዎቹ ዋጋ አላቸው።

ለማሳከኩ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ አድርግበት። ካላማይን ወይም 1 ፐርሰንት ሃይድሮኮርቲሶን የሚባል የሚቀባ መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ ታገኛለህ። ፍል ውኃ ይቅርብህ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ቀባበት የሚልህ አይጠፋም፤ የቆሰለ ቆዳ ላይ ነጭ ሽንኩርት ራሱ ያቃጥላል፣ ሎሚም ፀሐይ ሲያገኘው ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ፊትህ ወይም ዓይንህ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ሽፍታው ብዙ ቦታ ከሸፈነህ ሳታመነታ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ፕሬድኒሶን የሚባለውን የሚዋጥ መድኃኒት ካዘዙልህ ለስንት ቀን እንደሆነ ጠይቅ። እንዲህ ላለው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የሚወሰደው፤ በ5 እና በ6 ቀን ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ ያገረሻል። ትንፋሽ ካጠረህ ግን 911 ደውል።

የእጅህንና የቅጠሉን ፎቶ ዛሬውኑ ላክልኝ። ቅጠሉን ሳትነካ፣ ከቆምክበት አንሣው። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ፤ ያን ጊዜ ስለ ቤቱም፣ ስለ ልጅቱም እናወራለን። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ።

ወዳጅህ፣ ከአትላንታ