ካሜራው ይከፈለዋል፣ እኛስ?

ይድረስ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ሥራዬ ፊልም ነው። ፊልም ላይ ምን ትሠራለህ ካላችሁኝ ግን መልሴ በየጊዜው ይለያያል። አንዱ ላይ መብራት እተክላለሁ። ሌላው ላይ ቡም፣ ማለትም ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ማይክ ይዤ እቆማለሁ። ረዳት ዳይሬክተር ከቀረ ተዋናይ የምጠራው እኔ ነኝ። ሹፌር ሲጠፋ ዕቃ የጫነውን ሚኒባስ እነዳለሁ። ቀረጻው ሲያልቅ ደግሞ ኤዲቲንግ እገባለሁ። ትንሽ በጀት ያለው ፊልም እንዲህ ነው የሚሠራው።

በዚህ አላማርርም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ኤዲት ስለማደርግ፣ ቡም ስይዝ ጀነሬተሩ ራቅ ይበልልኝ ብዬ እጨቃጨቃለሁ። በኋላ ያንን ድምፅ ከንግግር ላይ ለማንሳት ሌሊቱን የማነጋው እኔው ነኛ!

ችግሬ ሌላ ነው። ሥራ የሚመጣልን በስልክ ነው። "ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሃያ ሁለት ማዞሪያ እንገናኝ" ይባላል። ዋጋው በቃል ነው። ትንሽ ቅድመ ክፍያ ይሰጠናል፣ ቀሪው ፊልሙ ሲኒማ ሲገባ ይባላል። ሳይገባ የሚቀር ፊልም አለ። ገብቶም ስልክ የማያነሳ አለ። እኔም ቀሪ ሂሳቤን እስከ ዛሬ ያላገኘሁበት ፊልም አለ፤ ፕሪሚየሩ ላይ ግን ተጋብዤ ነበር።

የሚገርመኝ ካሜራው ነው። አከራዩ የቀን ሂሳቡን ሳይቀበል፣ መታወቂያ ወይም ዋስ ሳይዝ ካሜራውን ከቤቱ አያስወጣም። ካሜራውን የሚሸከመው ሰው ግን በእምነት ይሄዳል። ፕሮዲውሰሩም ሁሌ ክፉ ሆኖ አይደለም። መኪናውን ሸጦ ፊልም የሚጀምር አለ። ግን ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሕግ የለም አልልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተወሰነ ሥራ የሚደረግ ውልን ያውቃል። የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት ይላል። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። የሌሊት ትዕይንት ስንቀርጽ ይህን የሚያስታውስ ሰው አላጋጠመኝም።

ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ "አንተ ባለሙያ እንጂ ተቀጣሪ አይደለህም" የሚል ነው። እውነት ነው፣ አዋጁ በራሱ ሙያዊ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። ግን እስቲ ፍረዱ። የምገባበትን ሰዓት የሚወስነው ፕሮዲውሰሩ ነው። ዕቃው እሱ የተከራየው ነው። ምሳ እንኳ የምበላው "ብሬክ" ሲባል ነው። ታዲያ የራሴ ኃላፊነት የሚባለው የቱ ላይ ነው? ይህ ጥያቄ የሚከብደው ክፍያ ላይ ብቻ አይደለም። መብራት ሊሰቅል ከመሰላል የወደቀ ልጅ ሠራተኛ ከሆነ አሠሪው ይጠየቃል። "ባለሙያ" ከተባለ ሕክምናውን የምናዋጣለት እኛው ነን። ጡረታም እንደዚያው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ እኛ ግን ዕድሜ ልካችንን ሠርተን አንድ ወር እንኳ አይመዘገብልንም።

የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። የፊልም ቀረጻ ሠራተኛ መቼ ተቀጣሪ እንደሚባል የሚገልጽ መመሪያ አውጡልን። ከሱ ጋር አንድ ገጽ የሆነ የውል ናሙና ይኑር። የቀረጻ ፈቃድ ከሚሰጡት መሥሪያ ቤቶች ጋር ተነጋገሩና፣ ፈቃድ ሲጠየቅ የሠራተኞቹ ውል አብሮ ይቅረብ። ውሉ ላይ ለሥራ ድርሻ የተተወው ቦታ ሰፋ ይበል። "መብራት" ተብሎ ተጽፎ ድምፅም መኪናም በነጻ የሚጨመርበት ነገር ይቅር።

ረቂቁን ስታዘጋጁ ፕሮዲውሰሮችንና ዳይሬክተሮችን ብቻ አትጥሩ። ኬብል የሚጠቀልለውንም ጥሩት። ጥሪውን ግን በጽሑፍ መልእክት ብትልኩ ይሻላል፤ ቀረጻ ላይ ስልካችን ዝግ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊልም ሠራተኛ