ከሜልቦርን፣ ስለ ኤሚሊ

ሰላም የኔ ውድ፣ እንዴት ነሽ? መቼም «ይቺ ልጅ የት ገባች» ብለሽ ተቀይመሽኛል። ተቀየሚ፣ መብትሽ ነው። ሥራው፣ ልጆቹ፣ የሰዓቱ ልዩነት እያልኩ ምክንያት አልደረድርብሽም። ይልቅ ሰሞኑን ከአፌ የማትጠፋ አንዲት ሴትዮ አለች፣ ሰዓሊ ነሽና ካንቺ ሌላ ማንን ላድርቅ?

ኤሚሊ ካም ኡንግዋሬይ ትባላለች። መሃል አውስትራሊያ ካለችው ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዩቶፒያ በሚባል በረሃማ አገር የኖረች አቦርጂናል፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ናት። ሸራ ላይ መሳል የጀመረችው ወደ ሰማንያው ዓመቷ ተጠግታ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 መጨረሻ ገደማ። ከዚያ በፊት ከአካባቢዋ ሴቶች ጋር ባቲክ፣ ማለትም በሰምና በቀለም ጌጥ የሚወጣለት ጨርቅ፣ ትሠራ ነበር። በ1996 እስክታርፍ ድረስ ወደ 3,000 ሥዕል እንደሠራች ይገመታል። ስምንት ዓመት ባልሞላ ጊዜ! አንቺ አንድ ሸራ ወጥረሽ ስንት ወር ግድግዳ እንደምታስደግፊው አልናገርም።

እዚህ ያለው የቪክቶሪያ ብሔራዊ ጋለሪ የ1995ቱን ትልቅ ሥዕሏን ይዟል። ስምንት ሜትር በሦስት። ጥቁር መደብ፣ ነጭ መስመር፣ በቃ። ግን መስመሩ አያልቅም፤ ይጠማዘዛል፣ ይቆራረጣል፣ አንዱን በዓይንሽ ይዘሽ ልከተል ስትዪ ሌላው ነጥቆ ይወስድሻል። የሣለችው «ያም» የሚሉትን ተክል ነው፣ ሥሩ ከመሬት ተቆፍሮ ይበላል፤ መድረሱ የሚታወቀው መሬቱ ሲሰነጠቅ ነው። «ካም» የሚለው ስሟ ራሱ የዚሁ ተክል ዘር ነው።

ታዲያ የሚያናድደኝ ምን መሰለሽ፣ ሰው ሁሉ እያየ «የኒውዮርክ አብስትራክት ይመስላል» ይላል፣ ያ የታወቀ ነገር ቅርጽ የሌለውን የፈረንጅ ሥዕል ማለታቸው ነው። ምኑ? ይሄ እኮ ከገላ የመጣ ነው። አውሊዬ የሚሉት የሴቶች ሥርዓት አላቸው። ደረታቸውን፣ ጡታቸውንና ክንዳቸውን ስብ ይቀቡና በቀይ አፈር፣ በአመድና በከሰል አንዷ ሌላዋን ታሰምራለች፣ እየዘፈኑ። ዘፈኑም መስመሩም ጭፈራውም የዚያ ቦታ ነው፣ አገሩን የሚጠብቁት በዚህ ነው። ሸራው ላይ ያለውም ያው መስመር ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የዩቶፒያ መሬት ጉዳይ ሲታይ ሴቶቹ ይህንኑ ሥርዓት ለማስረጃ አቅርበዋል። ካርታና ደብተር የለማ! መሬቱንም አገኙ።

ደግሞ ሁሉን አይናገሩም። ለሴቶች ብቻ የሆነ፣ ለወንድም ለውጭ ሰውም የማይነገር አለ። ያልተነገረሽ ነገር እንዳለ እያወቅሽ ነው ሥዕሉ ፊት የምትቆሚው፣ ለኔ ደስ ይለኛል። ገዢዎቹ ግን ምን ግድ አላቸው፣ በ2017 አንዱ ሥራዋ በ2.1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተሽጧል።

እስቲ ያሙን ፈልገሽ እዪው። በስልክ ግን እንዳታዪው፣ መስመሩ ተደበላልቆ ሽቦ ይመስልሻል። ቢሮ ያለው ትልቁ ስክሪን ላይ ክፈቺና ከየት እንደጀመረችው ታይቶሽ እንደሆነ ጻፊልኝ፣ እኔ እስካሁን አልገባኝም።