የፊልምና ንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፖስተኛው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?

ዘንድሮ ክበባችን ሐሙስ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ነበር የሚገናኘው። መስከረም ላይ 40 ልጅ ተመዘገበ፣ ህዳር ላይ 19 ቀሩ፣ እነዛ 19ኙ ግን እስከ ሰኔ አንድም ሳይጎድሉ ዘልቀዋልና መጀመሪያ እነሱን ማመስገን እፈልጋለሁ። ብዙዎቹ የህንድ ፊልም ይታያል ሲባል ሰምተው ዘፈንና ዳንስ ጠብቀው ነው የመጡት፣ እኔ ደሞ ያመጣሁላቸው ማልጉዲ ዴይስን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዱርዳርሻን የሚባለው የህንድ መንግስት ቴሌቪዥን ያስተላልፈው የነበረውን ተከታታይ ድራማ። ዳንስ የለውም። መግቢያው ላይ ግን "ታ ና ና ና" የምትል የኤል. ቫይድያናታን ዜማ አለች፣ በሶስተኛው ሳምንት ኮሪደር ላይ ሁሉም እሷን ሲያንጎራጉር ነበር።

ማልጉዲ ካርታ ላይ የለችም፣ አር. ኬ. ናራያን የተባለው ደራሲ በምናቡ የፈጠራት የደቡብ ህንድ ትንሽ ከተማ ናት፣ ግን ወንዝ አላት፣ የገበያ መንገድ አላት፣ ባቡር ጣቢያ አላት፣ አልበርት ሚሽን የሚባል ትምህርት ቤትም አላት። ዳይሬክተሩ ሻንካር ናግ ካርናታካ ውስጥ አጉምቤ የሚባል ዝናብ የሚበዛበት መንደር ሄዶ ነው የቀረጻት። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1990 ገና በ35 ዓመቱ በመኪና አደጋ መሞቱን ስነግራቸው ክፍሉ ጭጭ አለ። የድራማውን ስዕሎች የሳለው ደሞ የደራሲው ታናሽ ወንድም አር. ኬ. ላክስማን ነው፣ ይሄን የሰሙ ጊዜ ታዲያ ለምን የኛን ሰፈር አንስልም አሉና ወፍጮ ቤቱን፣ የባጃጅ ተራውን፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሎ የሚሸጡትን እማማን ሳይቀር ስለው ግድግዳው ላይ ለጠፉ፣ አሁንም አለ ሄዳችሁ እዩት።

ትንንሾቹ የወደዱት ድራማው ውስጥ ያለውን ልጅ፣ ስዋሚን ነው። አባቱ ድፍረት ካለህ ዛሬ ለብቻህ ተኛ ብሎት ሌሊት በፍርሃት ሰይጣን መስሎት የአንዱን እግር ሲነክስ ለካ ሌባ ኖሯል፣ በነጋታው ጀግና ተባለ፣ እሱ ግን ማታ ሲመሽ ተመልሶ አያቱ ጎን ነው የተኛው። ይሄን ሶስቴ አሳይቻለሁ።

ግን ዓመቱን ሙሉ ያነጋገረን የፖስተኛው ታሪክ ነው፣ ስለሱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። ታናፓ የሚባለው ፖስተኛ ደብዳቤ ብቻ አይደለም የሚያድለው፣ በየቤቱ ገብቶ ይቀመጣል፣ የሁሉንም ችግር ያውቃል፣ የራማኑጃምን ልጅ ካማክሺን በህፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል፣ ባል እንድታገኝም የረዳው እሱ ነው። ሰርጉ በጥድፊያ ተቆረጠ ምክንያቱም ያ ቀን ካለፈ ሙሽራው ለስልጠና ይሄዳል፣ ለረጅም ጊዜ ሌላ ቀን የለም። እና ልክ በዛ ሰሞን የአባትየው አጎት በጠና መታመማቸውን የሚገልጽ ካርድ መጣ፣ ቀጥሎ መሞታቸውን የሚናገር ቴሌግራም። ታናፓ ሁለቱንም ኪሱ ከተተና ሰርጉ ካለፈ በኋላ አመጣቸው። አባትየው ቴሌግራሙን እያነበበ እያለ መብራት ሄደ! እኔ መጨረሻውን አውቀዋለሁ ግን ልነግራቸው አልፈለግኩም፣ ለሳምንት ይቆይ አልኳቸው።

ያ ሳምንት ነው ክበቡን ክበብ ያደረገው። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ልጅ "ቲቸር እኛም'ኮ መርዶ በማንኛውም ሰዓት አንናገርም፣ ዘመድ ተሰብስቦ በጠዋት ነው የሚረዳው፣ ስለዚ ፖስተኛው ያደረገው የኛ ሽማግሌዎች የሚያደርጉትን ነው" አለ፣ ብዙው አጨበጨበ። ሌላው ደሞ መርዶ የሚነግሩት ዘመዶች ናቸው፣ እሱ የመንግስት ሰራተኛ ነው፣ የሰው ደብዳቤ ኪስ መክተት ምን ማለት ነው አለ። ከዛ ዓመቱን ሙሉ ተናግራ የማታውቅ የ10ኛ ክፍል ልጅ ተነሳችና አያቷ የሞቱ ጊዜ ፈተና ላይ ስለነበረች 11 ቀን እንደደበቋት ተናገረች። "ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ጎረቤት ሳይቀር፣ እኔ ብቻ እየሳቅኩ ነበር" አለች። ከዛ በኋላ ለማጨብጨብ የደፈረ የለም፣ እኔም የምለው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ፣ 22 ዓመት ሳስተምር እንደዛ ዓይነት ዝምታ ብዙም አላጋጠመኝም።

በሳምንቱ መጨረሻውን አየን። ታናፓ መክሰስ ይችላሉ፣ ከስራ ያባርሩኛል ይላል፣ ራማኑጃም ደሞ አልከስህም ግን እንዲህ በማድረግህ አዝኛለሁ ነው የሚለው፣ በቃ። ይቅር አለውም አላለውም አይባልም። ልጆቹ ተናደዱ፣ መጨረሻ የለውም አሉ፣ እኔ ግን ናራያንን የምወደው በዚሁ ነው፣ ሁለቱም ሰዎች ደህና ሰዎች ናቸው፣ ሀዘኑም እውነት ነው።

ሁለተኛውን ወሰነ ትምህርት የራሳችንን ታሪክ በመጻፍ ነው ያሳለፍነው። ከ19ኙ 14ቱ ጨርሰዋል። የ10ኛ ክፍሏ ልጅ የጻፈችው የፖስተኛውን ታሪክ መልሳ ነው፣ ግን በሙሽራዋ በካማክሺ አፍ። ካማክሺ ባሏ ቤት ሆና የሰርጓን ፎቶ እያየች ነው፣ የምትቆጥረው ደሞ ፎቶው ውስጥ ካሉት ሰዎች የትኞቹ ያኔ ያውቁ እንደነበር ነው። ታሪኩ በዚህ መጽሔት ወጥቷል፣ አንድ ቃል አልነካሁበትም።