ድምፁን ማጉላት መፍትሔ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በፈሳሽ ውስጥ የተበተኑ፣ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ክፍሎች በድምፅ አማካይነት በመስመር ይሰለፋሉ የሚለው ጉዳይ በሳይንስ ዓምዶች ሲነሣ «ድምፁ እየገፋ ያስቀምጣቸዋል» ተብሎ ይታለፋል። አባባሉ ለትልልቆቹ እውነት ነው፤ ትንንሾቹን የሚነዳቸው ግን ድምፁ በፈሳሹ ውስጥ የሚያስነሣው ጅረት ነው። ስለዚህ ስለ ጉዳዩ ስትጽፉ የክፍሎቹን መጠን አብራችሁ እንድትጠቅሱልን እንለምናለን። ሙከራውን ለመሥራት የተነሣ ተማሪ ያለዚያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይባክንበታል።

ነገሩ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. በሚንቀጠቀጥ ሳህን ላይ አሸዋው ንዝረት ወደሌለበት መስመር ሲሄድ፣ ደቃቁ ዱቄት ንዝረቱ በበረታበት ቦታ እንደሚከማች አሳየ። አየሩ በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ሲሞክረው ዱቄቱም የአሸዋውን መንገድ ያዘ። ዱቄቱን ሲነዳው የነበረው አየሩ ነበር ማለት ነው።

በውኃም እንዲሁ ነው። በሰከንድ 2 ሚሊዮን ጊዜ የሚንቀጠቀጥ (የ2 ሜጋኸርዝ) ድምፅ በውኃ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት 0.74 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 0.37 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ግማሽ ሞገድ ይይዛል። 10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሆኑ የፖሊስታይሪን ፕላስቲክ እንክብሎች በቦዩ መሀል ይሰለፋሉ። 1 ማይክሮን የሆኑት ግን በአዙሪት ተይዘው ሲዞሩ ይውላሉ። የድምፁ ግፊት የሚሰጠው ፍጥነት እንደ ዲያሜትሩ ካሬ ስለሚለዋወጥ፣ እንክብሉ 10 እጥፍ ሲያንስ ፍጥነቱ 100 እጥፍ ይወርዳል፤ የጅረቱ ፍጥነት ግን እንዳለ ነው። በዚህ ድግግሞሽ፣ ግፊቱ በሚያሸንፋቸውና ጅረቱ በሚያሸንፋቸው መካከል ያለው ድንበር 2 ማይክሮን ገደማ ላይ ይወድቃል።

በጣም የተለመደው ስሕተት እዚህ ጋ ይመጣል፦ እንክብሉ አልሰለፍ ሲል ቮልቴጅ መጨመር። ግፊቱም ጅረቱም እንደ ቮልቴጁ ካሬ አብረው ስለሚያድጉ አሸናፊው አይለወጥም፤ ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው። ግሊሰሪን መጨመርማ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ፈሳሹ ሲወፍር ድንበሩ ወደ ትልልቆቹ ይገፋል። የሚሠራው ድግግሞሹን ከፍ አድርጎ ቦዩን በዚያው ልክ ማጥበብ፣ ወይም ትልልቅ እንክብል መጠቀም ነው። ከጅረቱ ጋር ከመታገል በአዙሪቱ መሀል ትንንሾቹን መሰብሰብም ይቻላል፤ እኛ ይህን መንገድ የበለጠ እናደንቀዋለን።

ውኃው አስቀድሞ ፈልቶ፣ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ቦዩ ውስጥ የቀረች አንዲት አረፋ የራሷን ጅረት አስነሥታ ሰልፉን ታፈርሳለች። እንክብሎቹ ከግድግዳው እንዳይጣበቁ ጥቂት ትዊን 20 (ሳሙና መሰል ፈሳሽ) ይበቃል። ድምፁን የሚፈጥረው ፒዞ (በኤሌክትሪክ የሚንቀጠቀጥ ቁራጭ) ሲሞቅ ተስማሚው ድግግሞሽ ስለሚሸሽ፣ በማይክሮስኮፕ እያዩ በ1 ኪሎኸርዝ እርምጃ መፈለግ ያስፈልጋል።

ድምፁ ሲጠፋ ሰልፉ ይበተናል። ሰልፉን እንዳለ ለማቆየት ፈሳሹ ውስጥ ጂላቲን ይሟሟል፤ እስኪረጋ ድረስም ድምፁ መቋረጥ የለበትም። ብዙዎች የሚስቱት ቅዝቃዜው ራሱ ልኬቱን እንደሚያዛባ ነው፦ ድምፅ በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1524 ሜትር፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ 1482 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ በ2 ሜጋኸርዝ የተጀመረው ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ 1.95 አካባቢ ቀስ በቀስ መውረድ አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ