የነዳጅ ፓምፑን ከመግዛትህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሁለት ፋሲካ ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ምክንያት የለውም፤ ስንፍና ነው፣ ይቅር በለኝ። አንተም «ሰላም ነህ?» ብለህ ጀምረህ በሦስተኛው መስመር ስለ መኪናህ ማማረር ስለ ጀመርክ ወቀሳው ይብቃንና ወደ ሲልቨራዶህ ልሂድ።

ያልከኝ ይህን ነው፦ እ.ኤ.አ. የ2003 ሲልቨራዶ ፒክአፕ፣ ባለ 5.3 ሊትር ሞተር። ሙሉ ቀድተህም የነዳጅ ጌጁ ባዶ ይላል። ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ ግን በእጄ አይልም። ጋራዡ ደግሞ ምንም ሳይለካ «ፓምፕ ነው፣ ይቀየር» አለህ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጌጅና ፓምፕ አብረው ሲታመሙ ቀድሞ የሚጠረጠረው ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ነው። የጌጁ መለኪያና ፓምፑ ሁለቱም ሰልባትዮው (የነዳጁ ታንከር) ውስጥ በሚገባ አንድ ዕቃ ላይ ተገጥመዋል፤ ሽቦዎቻቸውም ሰልባትዮው አናት ላይ በአንድ ሶኬት ነው የሚያልፉት። አንተ ያለህበት ከተማ በበረዶው ወራት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፣ ጎማው እያነሳ የሚረጨውም እዚያው ሶኬት ላይ ነው። ስለዚህ ሳትለካ አንድም ብሎን አትፍታ።

ከጌጁ ጀምር። ያንተ መኪና ላይ ከሰልባትዮው የሚመጣው ምልክት በቀጥታ መርፌው ጋ አይደርስም፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ይቀበለውና እሱ ነው ለዳሽቦርዱ የሚነግረው። ይህ ለሚመረምር ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ መሃል ቆመህ የትኛው ወገን እንደሚዋሽ ትለያለህ። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን መሣሪያ) ሰካና የነዳጁን መጠን በመቶኛ የሚያሳየውን መስመር አውጣ። ስካነሩ 95 በመቶ እያለ መርፌው ባዶ ላይ ከተኛ ሰልባትዮው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በወጡት ላይ መርፌዎቹን የሚያዞሩት ትንንሽ ሞተሮች መድከማቸው የታወቀ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ነቅሎ ይቀይራቸዋል። ስካነሩም እንደ መርፌው ባዶ ካለ ወደ ኋላ ሂድ። ስካነሩ የጥፋት ኮድ ካሳየህ ጻፈው፤ ፒ0462 ከሆነ የምልክቱ ቮልቴጅ ከሚገባው በታች ወርዷል፣ ፒ0463 ከሆነ ከሚገባው በላይ ወጥቷል፣ ፒ0461 ከሆነ ንባቡ ከመኪናው አነዳድ ጋር አልገጠመም ማለት ነው።

ሰልባትዮው አናት ላይ ያለውን ሶኬት ንቀልና ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገህ ወደ ሰልባትዮው በሚገባው በኩል የጌጁን ሁለት እግሮች ለካ፤ የምልክቱ ሽቦ ሐምራዊው ነው። ባዶ ሰልባትዮ 40 ኦም አካባቢ፣ ሙሉው 250 አካባቢ ማሳየት አለበት። ሙሉ ቀድተህ 50 እና 60 ካነበብክ ከነዳጁ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ተንሳፋፊ ቤንዚን ገብቶበት ሰምጧል፣ ወይም የተንሳፋፊው ክንድ ተይዟል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ወይም ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ከዘለለ ጥፋቱ የክንዱን እንቅስቃሴ ወደ ኦም የሚለውጠው ተንሸራታች ላይ ነው። ዕቃው በጣም ቀጭን ነው፦ ጥቁር መስመሮች የተሳሉባት ትንሽ የሸክላ ካርድና በላይዋ የሚንሸራተቱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የቀጠኑ የብረት ጣቶች። ቤንዚን ውስጥ ያለው ድኝ ጣቶቹን ያጠቁራቸዋል፣ የዓመታት ፍትጊያም መስመሩን ይበላዋል።

ንባቡ ትክክል ሆኖ ጌጁ ከዋሸ ግን ሽቦው ነው። የ220 ኦም ሬዚስተር ወደ ኮምፒውተሩ በሚሄደው ሶኬት ላይ በሁለቱ የጌጅ እግሮች መሃል ሰካና ቁልፉን አጥፍተህ አብራ። ኮምፒውተሩ ንባቡን ቶሎ አይለውጥምና ትንሽ ጠብቀው። ስካነሩ ወደ ሙሉ ከተጠጋ መስመሩ ደህና ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ የተቆረጠ ወይም የዛገ ሽቦ ፈልግ።

አሁን ፓምፑ። ቁልፉን ስትከፍት፣ ሞተሪኖውን ሳትነካ፣ ኮምፒውተሩ ፓምፑን ለ2 ሰከንድ ብቻ ያስነሳዋል። አንድ ሰው ጆሮውን ወደ መቅጃው አስጠግቶ ያድምጥልህ፤ ጭር ያለ ቦታ ከሆነ እንደ ንብ «እዝዝ» ሲል ይሰማል። ድምፅ ከሌለ ኮፈኑን ክፈትና ፊውዙን እይ፣ ሪሌውን (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ማብሪያ) ቅርጹና ቁጥሩ አንድ በሆነ ሌላ ሪሌ ለውጠው። ያም ካልሠራ ሪሌውን አውጥተህ 30 እና 87 የተጻፈባቸው እግሮች የሚገቡበትን ቀዳዳ ፊውዝ ባለው ሽቦ አገናኛቸው፤ ፓምፑ ያለማቋረጥ መሥራት አለበት።

ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ነው። ሶኬቱን ነቅለህ ብትለካ 12 ቮልት ታያለህ፣ «ኤሌክትሪኩ ደህና ነው» ብለህም ፓምፕ ትገዛለህ። ነገር ግን አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ሽቦም ሸክም ከሌለባት 12 ታሳያለች። ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ግራጫውን ሽቦ ከኋላ በቀጭን መርፌ ነክተህ ለካ፤ ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ ማነስ የለበትም። ቀጥለህ የቴስተሩን አንድ እግር የፓምፑ ጥቁር ሽቦ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርግ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ ግራውንዱ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ነው። ሻሲው ላይ በሾፌሩ በኩል የታሰረውን ግራውንድ ፈትተህ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት አሽና መልሰህ አጥብቀው። ሶኬቱ ውስጥ የቀለጠ ወይም የጠቆረ እግር ካየህ አዲስ ፓምፕ ብታስገባም ያንኑ ሶኬት ያቃጥለዋል፤ ሶኬቱ አብሮ ይቀየር።

ኤሌክትሪኩ ሙሉ ከሆነ ግፊቱን ለካ። የግፊት ጌጅ ከመለዋወጫ መደብር ተውሰህ ሞተሩ ላይ ባለው የነዳጅ ሬይል (ነዳጁን ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ቫልቭ ላይ እሰረው። ቁልፉን ስትከፍት ከ55 እስከ 62 ፒ.ኤስ.አይ መውጣት አለበት፤ ከዚያ አጥፍተህ 10 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከ5 በላይ መውረድ የለበትም። የጠዋቱ ችግርህ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም፦ ግፊቱ ሌሊቱን ሾልኮ ያድራል። ነገ ጠዋት ሞተሪኖ ሳትመታ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ክፈት ዝጋ አድርግ፣ በየመሃሉ ጥቂት ጠብቅ፣ ከዚያ አስነሳ። ወዲያው ከተነሳ ፓምፑ አልሞተም፤ ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው የፓምፑ ቫልቭ፣ ግፊቱን የሚቆጣጠረው ሬጉላተር ወይም አንድ ኢንጀክተር (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ያፈሳል። ሬጉላተሩ ሬይሉ ላይ ከሆነ የቫኪዩም ጎማውን ንቀልና አሽትተው፤ ቤንዚን ካረጠበው ዲያፍራሙ ተቀዷል። ግፊቱ ቆመህ ደህና ሆኖ ነዳጅ ስትረግጥ ከወረደ የነዳጁን ፊልትሮ ቀይር፣ ርካሽ ነው።

ይህን ሁሉ ለክተህ ፓምፑ ነው ካለህ ግዛ። ሰልባትዮው 26 ጋሎን ከሆነ ቤንዚኑ ብቻውን 156 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አጉድለው። እኔን ብትጠይቀኝ ከታች ከማውረድ የጭነቱን ሳጥን ብሎን ፈትቶ፣ የመቅጃውን ቱቦና የኋላ መብራቱን ሶኬት አላቅቆ፣ ከሁለት ጠንካራ ጓደኞች ጋር ማንሳት ይቀላል። ግን ጋራዥህ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካለ እዚያ አትሥራ፤ የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ተስቦ ወደ እሳቱ ይሄዳል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ፓምፑን ሰልባትዮው ላይ የያዘውን ማሰሪያ ቀለበትም በብረት ሳይሆን በነሐስ መምቻ አዙረው። ከቀለበቱ ሥር ያለውን ማሸጊያ ጎማ አዲስ አድርግ።

አዲሱን ዕቃ ሳታስገባ ቴስተሩን ሰክተህ ክንዱን በእጅህ ቀስ እያልክ ከታች ወደ ላይ አንሳው፤ ከ40 ወደ 250 ሳይዘል መውጣት አለበት። ከዘለለ ዛሬውኑ መልሰው። ስታስገባም ክንዱ እንዳይታጠፍ በአንድ ጎን አዘንብለህ አስገባ፤ ካጠፍከው ጌጁ እንደገና ሊዋሽህ ነው።

እስከዚያ ድረስ ስትቀዳ ማይሉን ዜሮ አድርግና በሱ ቁጠር፤ ከሩብ በታችም አታድርሰው፣ ፓምፑ የሚቀዘቅዘው ቤንዚን ውስጥ ሲዋጥ ነው። ቅዳሜ የኦሙንና የ10 ደቂቃውን ግፊት ንባብ ላክልኝ፣ በዚያው ቀን እመልስልሃለሁ። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ